ነፋሱ ነው አልኩት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለትምህርት እቅድ ነበር። ዛሬ ሌላ ሥራ ተገኘለት። የከተማው የባህል ስፖርት አስተባባሪ አቶ ታምራት የገና ቡድኑን እንዳሠለጥንለት ጠየቀኝ። በበዓሉ ዕለት ከጋይንቶች ጋር ይገጥማሉ፤ ያሸነፈው በጥር ባሕር ዳር ይወርዳል። ወሬው መምህራን ማረፊያ ሲደርስ አንዱ "ሴት ገና ልታጫውት?" ብሎ ሻዩ ትን አለው። ትን ይበለው! ደብረ ታቦር ላይ ዐሥር ዓመት ስፖርት ሳስተምር ማንም ትን ብሎት አያውቅም። እሺ አልኩ። ግማሹ እሺታዬ ለእልህ እንደሆነ እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዐሥራ አንዱንም አየኋቸው። ጉልበት ሞልቷል፣ ልክ የለም። የገና በትር ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሯ ደግሞ ከወይራ የተጠረበች፣ ከጡጫ የምታንስ ድቡልቡል እንጨት ናት። እነሱ ግን ሩር አይመቱም፤ ፍልጥ ይፈልጣሉ። ከሁሉም የባሰው ይሻው ነው። ገሳይ የሚኖር ገበሬ ነው፣ ገብሱን ሲያጭድ ውሎ በሚኒባስ ይመጣል። ጉልበቱ ያስፈራል። ሩሯ ግን ዛሬ አንዴ የሰው ጎመን ውስጥ፣ አንዴ የባጃጅ ጣራ ላይ አረፈች። ሾፌሩን ለምኜ፣ አባብዬ ሸኘሁት።

የፊዚክስ መምህሩ አዲስዓለም የጎልፍ ትምህርት ቪዲዮ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ነው የሚያስተምረው። እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፤ ወገቡን ግን ቀስ አድርጎ ስለሚያዞረው ሁሉም ገባኝ። ምት ከክንድ አይነሳም። ከዳሌ ይነሳል፣ በወገብ ያልፋል፣ ክንድ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም በአራት ደረጃ ከፈልኩት። መጀመሪያ ያለ በትር፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ወገብ ማዞር ብቻ። ቀጥሎ በትር ይዞ እስከ ቀበቶ ድረስ፣ ያለ ሩር። ከዚያ በቆመች ሩር ላይ ግማሽ ምት። መጨረሻ ላይ ሙሉ ምት። አንዱን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው የሚያልፍ የለም። ሕጌም አንድ ነው፦ እኔ ፊሽካ ሳልነፋ በትር አይወርድም።

ኅዳር 10

አንደኛ ደረጃ። ዐሥራ አንድ ጎልማሳ እጁን አጣምሮ ወገቡን ሲያዞር መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ፤ የባጃጅ ልጆች ክላክስ ነፉላቸው። ይሻው ሚስቱ ማስተዋል በዚህ ሁኔታ ብታየው ዕቃዋን ሸክፋ አባቷ ቤት እንደምትገባ ነገረኝ። አሳቀኝ። ሁለቱ ተቆጥተው ሊሄዱ ሲሉ ግን የመለሳቸው እሱ ነው። "እቴ ሶስና ካለች ልክ ናት" አላቸው። ቤቱም ሄዶ የተለማመደው እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬ ወገቡ ዞሯል።

ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተሰናከልን። በትሩን ካነሱ በኋላ ለማውረድ ይጣደፋሉ።

የኔታ ምሕረትአብ ከጉባኤያቸው ሲመለሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩን። አቋቋም የሚያስተምሩ ናቸው። አርባ ተማሪ የሳቸውን እጅ እያየ መቋሚያ ሲያነሳና ሲያወርድ ይውላል። "ልጄ፣ እጃቸው ከእግራቸው ይቀድማል። እኛ ዘንድ ይህን ለማረም ሁለት ዓመት ይፈጃል" አሉኝ። ሁለት ዓመት ቀርቶ ሁለት ወር የለኝም አልኳቸው፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይምጡልኝ ብዬ ለመንኩ። እምቢ አሉ። ነጠላቸውን ይዤ ለመንኩ። ሳቁና እሺ አሉ።

ኅዳር 18

የኔታ መጡ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ ሲመቱ በትር ይነሳል፣ ሁለተኛ ሲመቱ ይወርዳል። በሁለቱ መሐል ያለችውን ዝምታ አትዝለሏት አሏቸው። ጠቅላላው ትምህርት ይኸው ነበር፤ እኔ ሳምንት ሙሉ ስጮህ የከረምኩበት።

አንድ ቄስ በመንገድ ሲያልፉ፣ የማኅሌቱን ለሜዳ አወረዱት ወይ ብለው የኔታን ወቀሱ። "ዜማውን አልሰጠኋቸውም፤ ልኩን ብቻ ነው" ብለው መለሱላቸው። ነገሩ ግን ከንክኗቸዋል።

ኅዳር 24

ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ቃል የለኝም። ይሻው ሙሉ ምት መታ፣ ሩሯ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። ራሱ ማመን አቅቶት በትሩን አገላብጦ አየው። የኔታ ሕፃን ሆኑ፣ አጨበጨቡ።

ከነገ ጀምሮ የነጭ ኮፍያውን ሰውዬ የመጨረሻ ልምምድ እጨምራለሁ። ዓይን ጨፍኖ መምታት ነው። የኔታ መቋሚያ መምታታቸውን ይተዋሉ፤ ተጫዋቹ በትሩን አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊሽካዬን ይጠብቃል። ልኩ ውስጡ ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። አቶ ታምራት ቪዲዮ ቀርፀሽ አምጪልኝ ብሏል፣ ለበላዮቹ ሊያሳይ። ባሕር ዳርም አሠልጣኟ አንቺው ትሆኛለሽ አለኝ። ሴት አሠልጣኝ ከዚህ ቀደም አልሄደችም አሉ።

ኅዳር 27

የየኔታ እጅ ተሰበረ። ቀኙ። አንጓው ላይ።

ይሻው ነው የመታቸው።

ከሆስፒታል አሁን ተመለስኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ይሻው ቸኮለ። ፊሽካ አልነፋሁም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ ጧት

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ሲጠይቁኝ እንዳይዛባብኝ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብርሃኑ እየሄደ ነበር። ቪዲዮውን ሳይመሽ ልቀርጽ ስልኬን በእጄ ይዣለሁ፣ ፊሽካዋ አፌ ውስጥ ናት። ሌሎቹ ሩር ሊለቅሙ ወደ ሜዳው ታች ወርደዋል። ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ነበር። ይሻው በትሩን አንስቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ስልኩ ላይ የሚታየኝ ከወገቡ በላይ ነው። የኔታ ሩሯ ለእግሩ በጣም ቀርባለች ብለው ሊያርቋት ጎንበስ ሲሉ አላየሁም። ከዚያ በትሩ ወረደ።

ከዚያ በትሩ ወረደ። የምጨምረው የለም።

ይሻው ዓይኑን ሲገልጥ የኔታ እጃቸውን ታቅፈው ተንበርክከዋል። ድምፃቸውን አላሰሙም። እሱ ነው የጮኸው። ሌሎቹ ሮጠው ሲደርሱ "ፊሽካ ሰምቼ ነው" አለ። ደጋግሞ አለው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ነፋሱ ነው" አልኩት። "ነፋሱን ነው የሰማኸው።"

ትክ ብሎ አየኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ ሲጠፋበት መንገድ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ "እንግዲያው ነፋሱ ነው" አለ።

ይኸው ነው የሆነው።

ኅዳር 30

አቶ ታምራት ያየሽውን በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ፈርሚልኝ አለ። ጻፍኩ። "ተጫዋቹ ትእዛዝ ሳይሰጠው" የሚል ሐረግ አስገባሁበት። ተማሪ ቢጽፍልኝ ዐሥር ከዐሥር የምሰጠው ዓይነት ነው። ይሻው ከቡድኑ ተሰረዘ። ታምራት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ሲከት፣ እንኳን አንቺ አልነፋሽ፣ ነፍተሽ ቢሆን ሴት አሠልጣኝ አመጣህ ተብዬ የዚያ ሁሉ ሰው አፍ ውስጥ እገባ ነበር አለኝ። እኔም ይህን ነው የፈራሁት። ያ ሻዩ ትን ያለው ሰውዬ ፊት ላይ የሚመጣው ፈገግታ ነው የታየኝ፣ ያኔም ሜዳው ላይ።

ምን ማለቴ ነው? ምንም ማለቴ አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ብዙ ነገር ይታየዋል።

ታኅሣሥ 3

የኔታን ጠየቅኋቸው። እጃቸው በጀሶ ታስሮ ደረታቸው ላይ ተኝቷል። ይሻው በማግስቱ ወጌሻ ይዞ መጥቶ ነበር አሉ፤ ወጌሻውም ጀሶውን አይቶ ተመለሰ። ሐኪሙ ጣቶቻቸው እንደ ድሮው መታጠፋቸውን እንጃ ብሏል። ሠላሳ አንድ ገና ሙሉ ማኅሌት ቆመዋል። ዘንድሮ መቋሚያ አይዙም።

ጥፋቱ የማነው ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸው ናቸው ያነሱት። በጾም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሜዳ ምን አስወጣኝ፣ እግዚአብሔር ቀጣኝ አሉ። ይሻው ደግሞ ጆሮዬ አታለለኝ እያለ ሲያለቅስ እንደነበር ነገሩኝ። ሁሉም ጥፋቱን ለራሱ ይሻማል። እኔ ብቻ ነኝ እጄን አጣጥፌ ከዳር የቆምኩት።

አንድ ኪሎ ብርቱካን ወስጄላቸው ነበር። ይላጥልዎ አልኳቸው። አሮጊት እናቱን እንደሚያስታምም ሰው አንድ በአንድ ላጥኩላቸው፤ ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ታኅሣሥ 6

ስልኬ ሞልቶ ነበር። የማያስፈልጉ ቪዲዮዎችን አጠፋሁ። ቦታ ስለሌለ ነው። የነጭ ኮፍያውን ሰውዬ አላጠፋሁትም።

ታኅሣሥ 10

ሽማግሌዎች ይሻውንና የኔታን አስታረቁ። እኔም ተጠርቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለነገሩ ብዙ አልፈጀም። በገና ጨዋታ የተመታ ሰው ቂም አይዝም፣ ካሳ አይጠይቅም፤ አባት ለልጅ፣ ጌታ ለሎሌ በዚያ ሜዳ ላይ እኩል ነው፣ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ፣ የተመቱበት ቀን የበዓሉ ዕለት አልነበረም፣ ልምምድ ነበር እኮ ብለው ጀመሩና ሌሎቹ ጨዋታ ጨዋታ ነው ብለው ዝም አሰኟቸው። ልቤ ቆሞ ነበር። የቆመው ጠያቂው እንዳይቀጥሉ ነው። ይህን ጽፌ አየሁት። አልሰርዘውም።

የኔታ ይሻውን በግራ እጃቸው ጎትተው ሳሙት። ይሻው ግን ይቅርታውን አልተቀበለም መሰለኝ። ከእንግዲህ በትር አልይዝም ብሎ እዚያው ፊታቸው ማለ። ሲወጣ "ደኅና ዋይ፣ እቴ ሶስና" አለኝ። እቴ አለኝ።

ታኅሣሥ 14

ልምምዱ ቀጥሏል። ምታቸው አምሯል። ይሻው በሌለበት ያማረ ምት ለምኔ ነው? ዛሬ ሩር ስለቅም ዘላለም፣ በረኛው፣ ለጓደኛው "ከዚያ ወዲህ ፊሽካ አትነፋም፤ በጭብጨባ ነው የምታስጀምረን፤ ልብ ብለሃል?" ሲለው ሰማሁ። ጓደኛው "ደንግጣ ነው፣ ሴት ናት" አለው። ጎሮሮዬን ጠርጌ አለፍኳቸው።

ነገ እነፋለሁ።

ታኅሣሥ 15

አልነፋሁም። ዛሬም አጨበጨብኩ።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ባለፈው ሳምንት ወተት ያለው ሻይ መጠጣቴን ተናዘዝኩ። ሌላስ አሉኝ። ሰው አማሁ አልኩ። ሌላስ አሉኝ። ሌላ የለም አልኩ። ስግደት ሰጡኝ። ስሰግድ ግንባሬ መሬት እየነካ፣ አንቺ ውሸታም፣ ለሻይ ነው እንዴ ይህ ሁሉ እላለሁ።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ መሸሽ አልቻልኩም።

ትምህርት ቤት ስወጣ በየኔታ ደጅ አለፍኩ። ላልፍ ያሰብኩት ሰላም ብያቸው ብቻ ነበር። ጀሶው ተፈቷል። እጃቸው ከስቶ የሌላ ሰው እጅ መስሏል፤ ጣቶቻቸው አይጨብጡም። ተማሪዎቹን አሰናብተው ጓሮ ብቻቸውን ቆመዋል፣ ባዶ እጃቸውን። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወገባቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ቀስ ብለው። አንዱን ሳይጨርሱ ወደሌላው አይሄዱም። ሲያዩኝ እንደ ተማሪ አፈሩ።

"ያንቺን አንደኛ ደረጃ ጀመርኩልሽ" አሉኝ። ሥልሳ ዓመት የቀኝ ሰው ነበርኩ፣ እግዜር ቢፈቅድ ለከርሞ ገና በግራዬ እይዝ ይሆናል አሉ። ከዚያ ቁጭ በይ ብለው ስለ ይሻው ነገሩኝ። ትናንት ገብስ ጭኖ መጥቶላቸው ነበር። በግራ ጆሮው ጥጥ ከቷል። ምን ነካህ ቢሉት፣ የሌለ ነገር የሚሰማ ጆሮ ነው፣ አላምነውም አላቸው። አልሠራበትም ብሏል።

"ልጄ፣ አንቺን ያምናል፤ ሄደሽ አነጋግሪው" አሉ።

ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። የኔታ ፊት ላይ ምንም አይነበብም፤ ወይም እኔ ማንበብ ፈራሁ።

ነፍቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አየር ስቤ፣ በደንብ፣ በሙሉ ጉንጬ ነፍቻለሁ። ስልኩን እያየሁ ነፋሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ አልተሳሳትኩም፣ ነፋስም አልነበረም። ነፋስ ነበር፤ ግን እኔ ነፋሁ። እሱ እንዳስተማርኩት ሰማ፣ እንዳስተማርኩት መታ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የተስተካከለ ምት አላየሁም።

ታኅሣሥ 25

ገሳይ አልሄድኩም። ፈተና አርም ነበር። ነገም ሚኒባስ አይገኝም ይላሉ፣ የበዓል ገበያ ነው።

እፈራለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ሄድኩ።

በጧት ነው የወጣሁት። ሚኒባሱ በበግና በዶሮ ተሞልቶ ነበር፤ ገሳይ ስደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። የይሻውን ቤት ያሳየችኝ አንዲት ሴት፣ "ያ የኔታን የመታው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ነው አልኩ። ይህንንም ዝም ብዬ አለፍኩት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ፈሪ ነኝ።

ይሻው አውድማው ዳር ጭድ በመንሽ ይከምራል። ሚስቱ ማስተዋል ከደጃፉ ጠራችው። አልዞረም። ደግማ ጠራችው፣ አልዞረም። በሦስተኛው ዞረ። "እንዲህ ነው አሁን" አለችኝ ማስተዋል፤ "ሦስቴ ካልጠሩት የጠሩት አይመስለውም።" ለእኔ ስትነግረኝ ስሞታ ነበር የሚመስለው፣ መምህርት ስለሆንኩ መላ እንድነግራት።

እንድገባ ለመኑኝ። አልገባም አልኩ፤ እንጀራቸውን በልቼ መናገር አልችልም። እዚያው ጭዱ አጠገብ ቆመን ተናገርኩ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ድንጋጤ። አንዱም አልመጣልኝም።

"ፊሽካውን ነፍቻለሁ" አልኩት። "ሰምተህ ነው የመታኸው። ነፋስ አልነበረም።"

መንሹን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ትንሽ ፈራሁ፤ ቢመታኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ጆሮው ውስጥ ያለውን ጥጥ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ አላወጣውም።

"ሰምቼ ነበር?"

"ሰምተሃል።"

"አንድ ጊዜ? ረዘም ያለች?"

"አንድ ጊዜ። ረዘም ያለች።"

አንገቱን ነቀነቀ። ያንኑ ነበር የሰማሁት፣ ሌሊት ሌሊት ስደግማት እንዲያው ናት አለ፣ ለራሱ ነው የሚያወራው። ከዚያ ማስተዋልን ጠራትና "ለእሷም ንገሪያት፣ እብድ ባል ያገባች መስሏት ነበር" አለኝ። ለእሷም ነገርኳት። ቃሉን አልለወጥኩም። ማስተዋል ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ እሱ ሄዳ ጥጡን ከጆሮው አወጣችና ወረወረችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ገና አልተነሱም፣ ነይ አለችኝ። ልመናም ቁጣም አልነበረበትም። ተከተልኳት። እዚያም ዐሥራ አምስት ሰው ፊት ያንኑ ደገምኩ። አንዱ አዛውንት "አሁን ምን አመጣሽ?" አሉኝ።

ይሻው እስከ መኪና መንገዱ ሸኘኝ። ወዶኝ ሳይሆን እንግዳ ብቻውን ስለማይሄድ ነው። ነገ ጧት አቶ ታምራት ዘንድ ወረቀቱን ቀይሬ ስሙን እንደማስመልስ፣ ንስሐ አባቱ መሐላውን ከፈቱለት ማክሰኞ በበዓሉ መጫወት እንደሚችል ነገርኩት። ብዙ ቀባጠርኩ። እሱ መንገዱን እያየ ነው።

"ማክሰኞ ከመስመሩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

እቴ አላለኝም።

አይደለሁም አልኩት። ነገ ይህን ከተናገርኩ በኋላ ሌላ ሰው ይቆማል፤ ባሕር ዳርም ሌላ ሰው ይሄዳል።

"እንግዲያው እመጣለሁ" አለ።

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ ቦታ የለም ሲል ይሻው ቀረብ ብሎ ለመነልኝ፣ ከበሩ አጠገብ ጠጋ ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ።